ለቅሶውን በምን እንቅዳው

ሐኪሙ ወጣት ነው፤ ጨዋም ነው። እናቴን «እርስዎ» እያለ የአንገቷን እንቅርት በሁለት ጣቱ ዳሰሰና መውጣት እንዳለበት ነገራት። እንቅርቱ ወደ ውስጥ አድጎ የአየር ቧንቧዋን እየተጫነው ነው። ከዚያ ለእኔ ብቻ የሚነግር መስሎ፣ ግን ለሁለታችንም እየተሰማን፣ «አልፎ አልፎ ከቀዶ ጥገናው በኋላ ድምፅ ሊጎረንን ይችላል። ብዙ ጊዜ አይሆንም፤ ግን ማወቅ አለባችሁ» አለ።

እናቴ ነጠላዋን አንገቷ ላይ መልሳ፣ «ልተንፍስ እንጅ ድምፅ ምን ያደርግልኛል?» አለች።

ይህን ያለችው እናቴ የትነበርሽ ናት። የአገሯ የትክል ድንጋይ ሰው ቢሰማት ኖሮ በድንጋጤ ይቀመጥ ነበር። እናቴ አልቃሽ ናት። በዚያ አገር ሰው ሲሞት ጡሩንባው ሳይነፋ «የትነበርሽ ተነግሯታል?» ይባላል። የሟቹን ዘር ትቆጥራለች፤ ማን ማንን እንደወለደ፣ ማን የጎርፍ ቀን የማንን በሬ ከወንዝ እንዳወጣ፣ ሁሉን በግጥም እያሰናኘች ታወርደዋለች። እንባ የሌለው ሰው እንኳ አፍንጫው ይረጥባል። ተጣልቷት የኖረውን ሳይቀር ሸጋ አድርጋ ነው የምትሸኘው። አንዳንዱ ሬሳ ቀና ብሎ «ይህ ሁሉ እኔ ነኝ?» ሊል ምንም አይቀረው።

ይህ ድምፅ የትም አልተቀዳም። እኔ ልጇ ደግሞ ዕድሜዬን የጨረስኩት ጎንደር ከተማ ውስጥ ድምፅ ስቀዳ ነው። «አዳነ ካሴት ቤት» የሚለው ታፔላ አሁንም ከሱቄ በር በላይ ተሰቅሏል፤ ከሥሩ ቻርጀር እጠግናለሁ። ድሮም ቢሆን እናቴ ፊት ቴፕ ሳስቀምጥ አፏን በነጠላዋ ትሸፍን ነበር። «ይበቃኛል፣ አላስቀዳም» ማለቷ ነው። አሁን ግን ሐኪሙ እንዲህ ካለ በኋላ ነገሩ የፈቃድ ጉዳይ አልሆነልኝም። እንቅርቱ ከመውጣቱ በፊት ያ ድምፅ መቀዳት አለበት።

ከሱቄ ጎን ያለው ሱቅ የዐብዱልከሪም ነው። አባቱም አያቱም በዚያው መስመር ጨርቅ ነጋዴ ነበሩ፤ እሱ ስልክ ይሸጣል። ስለ ድምፅ ስንከራከር ነው ጸጉራችን የሳሳው። ጉዳዩን ስነግረው ገና ሳልጨርስ፣

«በስልክ ቅዳት፤ አለቀ» አለኝ።

«ስልክ ድምፅ አይቀዳም፤ ይቆነጥራል እንጂ» አልኩት። «ለአንድ ዶሮ ከሰጠኸው ጤፍ ስንቱን እንደሚለቅም አይተሃል? እንደዚያ ነው። የቀረው መሬት ላይ ነው።»

«ያንተ ካሴት ደግሞ ዝናብ ይቀዳል። ሰውየው በበጋ ቢያወራም ከጀርባው ሁሌ ክረምት ነው።»

«ክረምቱ ይሻለኛል። ያንተ ሰው በርሜል ውስጥ ገብቶ ክዳኑን ከላዩ የዘጉበት ይመስላል።»

«እሺ፣ ማዳመጡስ? አንድ ቦታ ለመስማት ወደፊት ታጠነጥናለህ፣ አለፈህ። ወደኋላ ታጠነጥናለህ፣ አለፈህ። እኔ በጣቴ ነካ አድርጌ ነው የምደርስበት።»

«በጣትህ ነካ አድርገህም ነው የምታጠፋው። የልጅህን የቁርዓን ንባብ ማን አጠፋው?»

ያቺ ነገር ገና አልሻረችም። «ያንተስ ክር ቴፑ ሲበላው?» አለ፤ ግን ልቡ አልነበረበትም።

«አውጥቼ አቃናዋለሁ። የተጨማደደው ቦታ ላይ ሰውየው ትንሽ ይንተባተባል እንጂ አይሞትም።»

እንድትዳኘን ሚስቱን ነጃትን ጠራናት። ምሳ ይዛ መምጣቷ ስለነበር ስልኩንም ቴፑንም ከፊቷ አድርገን አንድ ነገር በይ አልናት። «ምሳው ቀዝቅዟል፤ ትበላላችሁ ወይስ ለድመት ልስጠው?» አለች። ሁለቱንም አሰማናት። ጭንቅላቷን ዘንበል አድርጋ አዳምጣ እንዲህ ስትል ፈረደች፦

«በስልኩ እኔ ነኝ፤ ግን የተናደድኩ አልመስልም። በካሴቱ ተናድጃለሁ፤ ግን እናቴን ነው የምመስለው። ሁለቱንም ውሰዱና እኛን ተዉን።»

እንዳለችው ሁለቱንም እንጠቀም ብለን ተስማማን። እኔ በካሴት፣ እሱ በስልክ፤ ከዚያ አጠገብ ላጠገብ አድርገን እናወዳድራለን። የተለያየነው ማን እንደሚያፍር ብቻ ነበር።

ችግሩ እናቴ ላይ ነው። ሆስፒታሉ «አልጋ ሲገኝ እንደውላለን» ስላለ እኔ ቤት አርፋለች። ዐብዱልከሪምን ይዤ ገባሁና የመጣንበትን ነገርናት። እስከ መጨረሻው ሰማችን።

«ማን ሞተ?» አለች።

«ማንም አልሞተም፣ እማየ። እንዲሁ ነው።»

«እንዲሁ ሙሾ? ሰው ሳይሞት? ሞትን ለማን ነው የምትጠሩለት? ለአንተ ነው ወይስ ለዚህ ለሰው ልጅ?»

ዐብዱልከሪም አንድ እርምጃ ወደ በሩ ሸሸ። «እማማ፣ እንደ ልምምድ ቢያዩትስ?» አለ ከዚያው ሆኖ።

«የለቅሶ ልምምድ!» አለች፤ ወደ እኔ ዞራ፣ «ይህስ የሚያውቀው የለም፤ አንተ ምነው ዝም አልህ?»

«እሺ ለአባቴ» አልኩ። «አባቴ ሞቶ የለ?»

«አባትህንማ አልቅሸ ጨርሻለሁ። ተዝካሩን አውጥቻለሁ። ተኝቶ ያለን ሰው በካሴት ልቀስቅስ? ለቅሶ እንደ ጠበል ነው፤ ከምንጩ ነው የሚቀዳ። ሰው ሲሞት ጥሩኝ።»

እንግዲህ ሰው እስኪሞት መጠበቅ ነበረብን።

ይህ ዓይነቱ ጥበቃ ጠባይ ያበላሻል። ከትክል ድንጋይ ሚኒባስ በመጣ ቁጥር መናኸሪያ እየሄድኩ የማውቀውን ሰው ሁሉ «አገር ሰላም ነው?» እላለሁ። «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ሁሉ ደህና ነው» ይሉኛል። ፊቴ ሲጠቁር ያያሉ፤ ምን እንደነካኝ አይገባቸውም። የአባቴ አጎት ልጅ አያ ክንዱ ታሞ ተኝቷል ሲባል ሰምቼ ስለነበር አንድ ቀን ጎረቤቱን አገኘሁና ጠየቅሁት።

«አያ ክንዱማ ተሽሎት ትናንት ጠላ ጠጣ» አለኝ።

«እሰይ» አልኩ። ከአፌ እስክትወጣ ብዙ ለፋሁ።

ዐብዱልከሪም በበኩሉ በየጠዋቱ በሱቁ በር አንገቱን ብቅ አድርጎ ቅንድቡን ያነሳል፤ እኔ ራሴን እነቀንቃለሁ፤ ይመለሳል። ሁለት የተከበሩ ነጋዴዎች ነን። መንገዱ አንድ ሳምንት ይዘጋል፣ ኔትወርክ ይጠፋል፣ መብራት ይሄዳል፤ ሰው ግን አይሞትም። ሆስፒታሉ ቀድሞ ይደውላል ብዬ እንቅልፍ አጣሁ።

አያ ክንዱ በመጨረሻ ጠላው አላዋጣውም፤ ዐረፈ። ነፍሱን ይማር፤ ደግ ሰው ነበር፤ ሲሞትም ደግነቱን አልተወም።

ያን ጠዋት ዐብዱልከሪም የራሱን አዲሱን ስልክ እየሳመ አስረከበኝ። «ማንም እንዳይደውልበት ዘግቼዋለሁ። ማይኩ ወደ ላይ ይሁን። ደረት ኪስህ ውስጥ ክተተው፤ ለአፏ ቅርብ ቁም። ሌላ ምንም አትንካ» አለኝ። ቴፑን ደግሞ አዲስ ካሴትና የባትሪ ድንጋይ ከትቼበት ለአክስቴ ለእናኑ ሰጠኋት። እናኑ የእናቴ ታናሽ እህት ናት፤ በለቅሶ ላይ ከጎኗ አትለይም። ቴፑን ዘንቢል ውስጥ አስቀመጥንና በነጭ ጨርቅ ሸፈንነው። የትኞቹን ሁለት ቁልፎች አንድ ላይ እንደምትጫን አስጠናኋት። «እናቴ ጎን ቁጭ በይ፤ ዘንቢሉን ከእግርሽ ሥር አድርጊው። ከዚያ የለሽበትም» አልኳት። ለእናቴ አልነገርናትም። ታውቃለች፤ ግን አልነገርናትም።

ትክል ድንጋይ ስንደርስ ግቢው በሰው ሞልቷል። ወንዶቹ የአያ ክንዱን ጋቢና ዱላ ከፊት ይዘዋል፤ ሴቶቹ ክብ ሠርተው ቆመዋል። እናቴ ስትመጣ መሐሉን ለቀቁላት። እንቅርቷን በአንድ እጇ ደገፍ አድርጋ ጀመረች፦

«የትክል ድንጋይ ሰው ምን ይላል ምን ይላል፣
ጎተራው ሳይጎድል ባለቤቱ ጎድሏል።»

እናቴን ስሰማ ነው ያደግሁት፤ ቢሆንም ያን ቀን እንደ አዲስ ሰማኋት። ድምፁ ያረጀ ነው፤ መጨረሻው ላይ የሚሰነጠቅ ነገር አለው፤ በዚያ ስንጥቅ በኩል ነው ሰውየው የሚወጣው። ማንም ማሽን ይህን ሰምቶ ዝም አይልም ብዬ አሰብኩ። ቀረብ ብዬ ቆምኩ፤ ደረት ኪሴን ወደ እሷ አዞርኩ። አለቀስኩም፤ ለቅጂው አይደለም፤ ለአያ ክንዱ ነው። የሥጋ ዘመድ እንደሚያደርገውም አደረግሁ። እናቴ ዘሩን ቆጥራ በአባቴ በኩል ወደ እኔ ስትደርስ ሕዝቡ ሁሉ አየኝ፤ እንደ በድን ቆሜ ከተሜ ሆነ ልባል?

ሲመሽ ተመለስን። በማግስቱ ከሰዓት በኋላ እኔ ቤት ተሰበሰብን፤ እናቴ፣ አክስቴ እናኑ፣ ዐብዱልከሪምና እኔ። ዐብዱልከሪም የራሱ እንዲቀድም ፈለገ። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ነካ አደረገው።

ዱም። ዱም። ዱም። ዱም።

ጠበቅን። ዱም። ዱም።

«ወፍጮ ቤት ነው የሄድከው?» አለኝ።

ከዱምታው ጀርባ፣ ከብዙ ግድግዳ ማዶ፣ አንዲት ሴት ትሰማለች። እናቴ ናት። «ጎተራው» ትላለች፤ ዱም። «ሳይጎድል» ትላለች፤ ዱም። ዐብዱልከሪም አንዴ ስልኩን፣ አንዴ እኔን፣ አንዴ የሸሚዜን ኪስ አየ። ያን ጊዜ ለሁላችንም እኩል ገባን።

«ደረትህን መትተሃል» አለ ቀስ ብሎ።

«ለቅሶ ነው እኮ!»

«ስልኬ ኪስህ ውስጥ እያለ ደረትህን መትተሃል።»

«የትኛውን ልምታ? ደረት ያለኝ አንድ ነው።»

«ስልኩ ምን ያድርግ፤ ቅርብ ያለውን ድምፅ ያጎላል፣ ሩቁን ይጥላል። አንተን አጎላ፤ እናትህን ጣለ። መስታወቱ አለመሰንጠቁ!»

የትክል ድንጋዩ ቄስ ሐብተ ማርያም በየለቅሶው «ደረት መምታት ይቅር» እያሉ ሲመክሩ ስንት ዓመታቸው ነው። አንድ ቀን ምክራቸውን ብሰማ ኖሮ ቅጂው ተርፎ ነበር። እናቴ ግን ሌላ ነገር ነው የታያት። አገጯን በመዳፏ ደግፋ እስኪያልቅ አዳመጠችና፣

«ለአያ ክንዱ እንዲህ አድርገህ መታህ?» አለችኝ። «ለአባትህ እኮ ዳሰስ ዳሰስ ነው ያደረግህ።»

ተራው የካሴቱ ሆነ። ቴፑን ከዘንቢሉ እያወጣሁ፣ አልዋሽም፣ ደስ ብሎኛል። አጠነጠንኩ፤ ዐብዱልከሪም ሆን ብሎ ሰዓቱን አየ። ተጫንኩት። ያ የማውቀው ዝናብ መጣ፤ ከዚያ ድምፅ። እንዴት ያለ ድምፅ! ጥርት ያለ፣ ወዝ ያለው። ቢላዋ ሽንኩርት ሲከትፍ ይሰማል። ድስት ሲከደን ይሰማል።

«ሽንኩርቱን ስማው!» አልኩት። «በስልክህ ይህን ትሰማለህ?»

«ሽንኩርት ለቅሶው ላይ ምን ይሠራል?» አለ ዐብዱልከሪም።

ከካሴቱ ውስጥ አንዲት ሴት፣ «ይህ የማን እዝን ነው?» አለች።

«የእናኑ ነው» አለች ሌላዋ።

«ምነው እንዲህ ከበደ?»

«ድፎ ነው መሰል።»

«ድፎ እንዲህ ከከበደማ ሳይበስል ነው የመጣ።»

ሁላችንም ወደ አክስቴ እናኑ ዞርን። ፊቷ ቀልቷል። «ምን ታዩኛላችሁ?» አለች። «ለቅሶ ቤት በጨርቅ የተሸፈነ ዘንቢል ይዞ የሚገባ ሰው ምን ይደረጋል? በሩ ላይ ተቀበሉኝ። ለሐዘንተኛ የመጣ ምግብ መስሏቸው ጓዳ አስገቡት። ‹የለም፣ እዝን አይደለም፣ ቴፕ ነው› ልበል? አያ ክንዱ ተጋድሞ?»

«ቁልፉንስ?»

«ቁልፉንማ እንዳልኸኝ ከበሩ ሳልደርስ ተጭኘዋለሁ» አለች፤ በኩራት።

ካሴቱ ቀጠለ። ጓዳ ውስጥ ያሉት ሴቶች እንጀራ እያነሱ፣ ወጥ እያማሰሉ ያወራሉ። እያንዳንዱ ቃል ጆሮ ግንድ ሥር የሚነገር ይመስላል።

«የትነበርሽን ሰማሻት? ድምፅ ነበራት እሷ።»

«ነበራት። አሁንማ አንገቷን ሊቀዷት ነው አሉ። ከዚያ ወዲያ ድምፅ የለም።»

«እኛንስ ማን ያለቅሰናል?»

«ብርቱካን አለች።»

«ብርቱካን! ባለፈው የሟቹን ስም ስታ በቁሙ ያለውን ወንድሙን አልቅሳው የለ! ሰውየው ከዚያ ወዲህ ደህና አላደረም።»

ሳቁ። ከዚያ አንዷ ተነፈሰችና፣ «ምን ይደረግ፣ የሞተ ሞተ። ብርቱካንን እናስለምዳታለን» አለች። ክሩ አለቀ፤ ቁልፉ ቋ ብሎ ተነሳ።

ላጠፋው እጄን ዘርግቼ ነበር፤ አልደረስኩም። እናቴ የጠረጴዛውን ልብስ በመዳፏ ታስተካክላለች።

«ወሬ ነው፣ እማየ» አልኳት።

«ወሬ አይደለም። መርዶ ነው» አለች። «እኔ ሳልሰማ ድምፄን ቀብረዋታል፤ ምትኳንም አግኝተዋል።» ተነስታ ወጣች። ዐብዱልከሪምም ስልኩን በመሐረብ ጠርጎ ኪሱ ከተተ። ማን አሸነፈ የሚለውን ያን ቀን አላነሳንም።

ሆስፒታሉ የደወለው ከዚያ ብዙ ሳይቆይ ነው። አልጋ ተገኝቷል፤ ዛሬ ትግባ፣ ነገ ይሠራላታል አሉ። ይዘናት ሄድን። ያለችበት ክፍል ውስጥ ከአይከል የመጣች እግሯ በጀሶ የታሰረ ሴትዮና ሌሎች ሕሙማን ነበሩ። ቴፑን በዘንቢል ይዤ ነበር፤ ለምን እንደያዝኩት አላውቅም፤ ተስፋ የቆረጠ ሰው የሚይዘው ነገር ይፈልጋል። ዐብዱልከሪም ሙዝ ይዞ መጣ።

እናቴ አልጋው ላይ ተደላድላ ከተቀመጠች በኋላ፣ «ያን ሳጥንህን አምጥተሃል?» አለችኝ።

«አምጥቻለሁ።»

«አውጣው። ይህም ስልኩን ያውጣ።»

«ሰው ሳይሞት አላለቅስም አላልሽም?»

«ሞታ የለ? ጓዳ ውስጥ ተነግሮኝ የለ? እኔ ስንቱን ሳለቅስ ኑሬ የራሴዋ ያለ ለቅሶ ትሂድ? በል ፍጠን፤ ሐኪሞቹ ሳይመጡ።»

ዐብዱልከሪም ስልኩን ትራሱ ላይ አስቀመጠ፤ «ኪስ አይነካውም» አለ እያየኝ። እኔ ቴፑን ወንበር ላይ አድርጌ በጓዳው ቅጂ ጀርባ፣ በባዶው ገጽ፣ ሁለቱን ቁልፎች ተጫንኩ። ደረቴን እንዳልመታ እጆቼን ከኋላዬ አቆላለፍኩ። እናቴ አንገቷን ደገፈች፦

«ድምፄ ሆይ ድምፄ ሆይ የወንዝ ማዶ ጥሪ፣
ሰው ሁሉ ሲቀበር አንች ነበርሽ ቀባሪ።

ስንቱን ሰው ሸኘሁት በዚች በጉሮሮ፣
ለሷስ ማን ያለቅሳል ተራው ደርሷት ዘንድሮ።»

የአይከሏ ሴትዮ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ትንሰቀሰቅ ጀመር። እናቴ ለቅሶ ሲጠና ትንሽ እንደምታስቅ አውቃለሁ፤ ሰው ልቡ እንዳይሰበር ነው ትላለች። እዚያም አልተወችውም፦

«ነጭ ልብስ ለብሶ መጣ ቢላ የያዘ ሰው፣
ፋሲካ አልደረሰ ማንን ነው የሚያርደው?»

ክፍሉ እያለቀሰ ሳቀ። የድምፅዋን ዘር ከአያቷ ጀምራ ቆጠረች፤ ከማን እንደወረሰችው፣ በየትኛው ተራራ ላይ ከብት እንደጠራችበት፣ ለማን እንደዘፈነችበት፣ ለማን እንደተቆጣችበት። እንዲህ ስታለቅስ ሰምቻት አላውቅም። ነርሷ ሩጣ ገባች።

«ማን ነው የሞተው?»

«ድምፄ ናት» አለች እናቴ እንባዋን እየጠረገች።

ነርሷ ዙሪያውን አየች። «የትኛው አልጋ ላይ?»

እናቴ ተኛች። እኛ ኮሪደሩ ላይ ወጥተን ከመስኮቱ ሥር ተቀመጥን። «አሁን ማሸነፍ መሸነፍ የለም» አለ ዐብዱልከሪም። «አንዱ ከተረፈ በቃን።» ስልኩን ነካ አደረገ። ድምፄ ሆይ ድምፄ ሆይ የወንዝ ማዶ ጥሪ። ጥርት ብሎ መጣ። ሰው ሁሉ ሲቀበር አንች... ተቋረጠ። ደግሞ ነካው፤ ደግሞ ተቋረጠ። ጽሑፍ አወጣ፤ ቦታ የለም፣ ሞልቷል ይላል።

«በምን ሞላ?» አልኩ።

ስልኩን በመሐረቡ ጠረገ።

«በምን ሞላ፣ ዐብዱ?»

«ባንተ ደረት» አለ። «የአያ ክንዱ ለቅሶ አልጠፋም። ከሱ በፊት የነጃት ቤተሰብ ሠርግ አለ፤ እሱም አልጠፋም።»

«ምነው አላጠፋኸውም?»

«አንተ አይደለህ በጣት ነካ አድርገህ ታጠፋለህ ያልከኝ? የልጄን ንባብ አንስተህ! ከዚያ ወዲህ እጄ ፈራ። ምንም አላጠፋም።»

ቴፑን አጠነጠንኩ። ከልቤ ጸለይኩ። ዝናቡ መጣ፤ ከዝናቡ ውስጥ ግን እናቴ አልመጣችም። የመጣችው አንዲት ልጃገረድ ናት። ቀጭን፣ ፈጣን፣ ብሩህ ድምፅ ያላት፣ እንደ ጫጩት የምትንጫጫ፤ ያንኑ ሙሾ ለአንድ ነገር የተቸኮለች ይመስል ታወርደዋለች። የባትሪው ድንጋይ መሆኑ ገባኝ። ጓዳ ውስጥ ሽንኩርት ሲቀዳ ውሎ ደክሟል፤ ሞተሩ እየጎተተ በቀስታ ቀድቷታል። አሁን ኮሪደሩ ላይ መብራት ላይ ሰክቼው በደህና ፍጥነቱ ሲዞር ድምፁ ቀጠነ፤ ፈጠነም።

ዐብዱልከሪም ሊስቅ ነበር፤ ፊቴን አይቶ ተወው።

ቀዶ ጥገናው በሰላም አለቀ። ጥቂት ቀን በሹክሹክታ ነበር የምታወራው። ከዚያ አንድ ጠዋት እኔ ቤት በር ላይ ፊቴን ስታጠብ ከውስጥ፣ «አዳነ! ሻዩ ገንፍሎ አለቀ፤ የት ሄድህ?» አለች። ሳሙናው ከእጄ ወደቀ። ድምፁ ነው። ራሱ ነው፤ ስንጥቁም ሳይቀር። እንደውም ትንፋሿ ስለተከፈተ ጨምሯል።

ሩጬ ወደ ዐብዱልከሪም ሄድኩ። እሱ የእናቴን ሁለት ቅጂዎች ብቻ ትቶ፣ ዓይኑን ጨፍኖ የስልኩን ሆድ ባዶ አደረገ፤ የሠርጉ ነገር ነጃትን ሳያስቆጣት አልቀረም። እኔ የቴፑን ራስ በአልኮል ጠረግሁ፤ አዲስ ድንጋይ ገዛሁ፤ በዚያ ላይ ገመዱንም ያዝኩ። ገብተን ፊቷ ተቀመጥን።

«እማየ፣ እንግዲህ እግዜር መልሶልሻል። ያንኑ ሙሾ አንድ ጊዜ ብቻ።»

«የቱን?»

«ለድምፅሽ ያልሽውን።»

«አልቅሸላታለሁ» አለች። «የተቀበረ ይቆፈራል?»

«አልሞተችም እኮ! ይኸው እያወራሽባት ነው!»

«ለመብላት፣ ለመጠጣት፣ አንተን ለመቆጣት ትሆናለች። ለለቅሶ የነበረችዋን ግን ሸኝቻታለሁ። አንድ ሰው ሁለት ጊዜ አይለቀስም። ሁለተኛው ማላገጥ ነው።»

አክስቴ እናኑ ከትክል ድንጋይ መጥታ ለመነቻት፤ እንኳየሁ የሚባል ገበሬ ሞቶ ብርቱካን ልታለቅስ ነው፣ አገሩ ተጨንቋል አለች። እናቴ፣ «የሟቹን ስም ጻፉላት» ከማለት በቀር አልተነቃነቀችም። ይልቅ የሆስፒታሉን ካሴት አሰማኝ አለች። አፍሬ እያመነታሁ ከፈትኩት። ልጅቱ መጣች። እናቴ ቀና አለች።

«ይች ማን ናት?»

«አንች ነሽ። የባትሪው ድንጋይ ደክሞ ነው፤ ድምፅሽ አይደለም።»

«የኔ ነው እንጅ!» አለች። «ሳላገባ በፊት ያለሁት ነኝ። ከብቱን ከማዶ ስጠራ እንዲህ ነበርሁ። አባትህ ይህን ሰምቶ ነው ወንዙን ተሻግሮ የመጣ።»

ዐብዱልከሪም ጉሮሮውን ጠረገ። «እማማ፣ ወደ ስልክ ገልብጬ ፍጥነቱን ቀነስ ባደርገው ትክክለኛው ድምፅዎ ይመጣል። ይስተካከላል።»

«እጅህን አንሳ» አለችው። «የሚስተካከል ነገር የለም።»

ካሴቱን ከቴፑ አውጥታ መቀነቷ ውስጥ ቋጠረችው። እስካሁን እዚያው ነው። እጄ ላይ የቀረው ደረቴና አንድ ሙሉ ግጥም ያልሞላ ቁራጭ ነው።

አሁን ነገሩ እንዲህ ነው። ግቢው ውስጥ ባቄላ እየፈለፈለች ብቻዋን ስትሆን፣ ለራሷ፣ በለሆሳስ ታንጎራጉራለች። የማን ዘር እንደምትቆጥር አይሰማም፤ ድምፁ ግን ያ ነው። ከመስኮቱ ሥር ቴፑን ይዤ እቀመጣለሁ። ሁለቱን ቁልፎች ስጫን ቋ ይላሉ። ዝም ትላለች። ባቄላ ብቻ ይቀዳል።

«ስልክ ቢሆን ቋ አይልም ነበር» ይለኛል ዐብዱልከሪም። እውነቱን ነው፤ ያናደደኝም እውነቱ ነው። ባለፈው እሺ አልኩና ስልኩን ተውሼ፣ ከፍቼ፣ ሸሚዜ ኪስ ውስጥ ከትቼ፣ እጄን ወደ ኋላ አድርጌ እንደ ዋዛ ወደ ባቄላው ጠጋ አልኩ። እንጉርጉሮዋን አላቋረጠችም። አንድ እርምጃ ጨመርኩ። ቀና ብላ መጀመሪያ ፊቴን፣ ቀጥላ ኪሴን አየች።

«ምነው ቆምህ፣ አዳነ?» አለችኝ። «ደረትህን ምታ እንጅ።»